መታጠፊያው ላይ

ሐሙስ ነው፣ ከሥራ መልስ፤ የባስክ ካፊያ እንደ ልማዱ
አይዘንብም፣ አያባራም፤ ላብ ላብ ይላል መንገዱ።
ከኳሱ ግንብ ሥር ነን፤ ልጆች በባዶ መዳፍ
ኳስ ከሚያጮሉበት፣ ከግድግዳው ጫፍ።
ቤኛት ጎማ ይነፋል፣ ገና ከብረት ማቅለጫው መውጣቱ፤
ጥላሸት አለ በግንባሩ፣ ሳሙና ያልደረሰበቱ።
ኔካኔ ላም ስታዋልድ ውላ፣ ጭድ እንዳለ በፀጉሯ፣
መፍቻ ይዛ ትዞራለች፤ አንዲት ብሎን አታመልጥም ከጥፍሯ፤
«ያልጠበቀ አይጠብቅም!»
ይሄ ነው ሁልጊዜ ምክሯ።

ኤካይትስ መጣ፤
ከሦስት ወር በኋላ፣ የዳቦ ቤቱ ዱቄት በቅንድቡ፣
ትከሻው በስድስት ብሎን ታስሮ፤
ጥርሱ ይስቃል እንጂ ሌላ ነው ልቡ።
«ያንተንስ» አለች ኔካኔ፣ «ሐኪሙ አጥብቆልሃል።»
«አጥብቆታል፤ ዝናብ ሊመጣ ሲል
ከሬዲዮ ቀድሞ ይነግረኛል።»

ኤካይትስ ማለት ጠብቆ የማያውቅ ሰው ነው፤
ዳገት ላይ ጀርባውን፣ ቁልቁለት ላይ ጭቃውን ነው ያየነው።
እኔ ደግሞ ኋለኛ ነኝ።
ሰዎቹ አርፈው፣ ውኃ ጠጥተው፣
ላባቸውን ካደረቁ በኋላ ነው የምደርሰው፤
ስደርስ ይነሳሉ።
«መጣሽ? እንሂድ!» ይላሉ።
ዕረፍት የፊተኞች ርስት ናት፤
እኛ በወሬ ነው የምናውቃት።

ወጣን፣ የከሰል አክሳዮቹን አሮጌ መንገድ ይዘን፣
ሳንባችንን እንደ ወናፍ ነፍተን፣ ሰብስበን።
የጥንት ጥላሸት ዛሬም ጎማችንን ይቀባል፤
በጉ ቃጭሉን ነቅንቆ «እነዚህ ምን ሆነው ነው?» ይላል።
ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል፤
ይሄ የኔው ግን አያደርስም፤
ራስሽ አድርሽኝ ይላል።

ቀና ስል
ከፊቴ የሰው ጀርባ የለም። ጉም ብቻ፣ ጥድ ብቻ።
የቤኛት ካቴና ተበጥሶ ከታች ቀርቷል፤
ኔካኔም አብራው፣ ከነመፍቻ።
ኤካይትስ ከኋላዬ ነው፤
ትንፋሹ ይሰማኛል፣ እንደ ሸክም በቅሎ፤
አንዴ ወርዶ እየገፋ፣ አንዴ መሪው ላይ ተንጠልጥሎ።

ፊተኛ ሆንኩ፣
አሥራ አንድ ዓመት የተመኘሁት።
መታጠፊያው ላይ ደረስኩ፤ በስተቀኝ የከብት መንገድ፣
በስተግራ «የአማት ምላስ» ብለን የሰየምነው ቁልቁለት።
ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ፤ ውኃዬን ከፈትኩት።
ላቤ ቀዘቀዘ፤ ጀርባዬን በረደኝ፤
ዝምታው ትልቅ ነው፤
አንዲት ጠብታ ከጥድ ወርዳ አስደነገጠችኝ።
ለካ እኔን የጠበቁኝ እየበረዳቸው፤
የቀናሁባት ዕረፍት
ጥርስ ማፋጨት ኖሯል ለካ ዕረፍታቸው።

መሄድ እችል ነበር፤ ማንም አይወቅሰኝም፤
እሱ ስንቴ ሄዷል፤ አንዴም አልጠበቀኝም።
ኮርቻዬ ላይ ወጣሁ፤ ወረድኩ።
ብሎኖቹን ነካካሁ፤
አንዱን ላልቶ አገኘሁት፤ አጠበቅሁ።
ጠበቅሁ።

መጣ፤ ፊቱ አመድ መስሎ፣ ትከሻው ወደ ጆሮው ተስቦ፤
ቁልቁለቱን እንደ አበዳሪ ያየዋል፣
ጣቱ ፍሬን ላይ ተሰብስቦ።
«እዚህ ነበር» አለ፣ «ያቺ የጥድ ሥር ጋ።»
«አውቃለሁ።»
«ቀስ ብዬ ልውረድ?»
«እንደፈለግህ። እኔን ብቻ በርዶኛል።»
ሳቀ። የሄልሜቱን ማሰሪያ አጠበቀ።

ልቅደምልህ ልለው አፌን ስከፍት
ጎማው ቅጠሉን ቀደደው።
ጭቃው አፌ ገባ፣ ከሰል ከሰል እያለ፤
ከሥሩ ማዶ አንድ ጩኸት፤ ከዚያ ሳቅ፤
ከዚያ ድምፁም የለ።

ቤኛትና ኔካኔ ደረሱ። «የታል?»
ወረድን ሦስታችን፣ ቀስ ብለን፣
በየጥምዙ «ወድቆ ይሆን?» እያልን።
ታችኛው መታጠፊያ ላይ፣
የከብቶቹ በር ጋ፣
ማንም የለም።
የጎማ ዱካ ብቻ፣ ወደ ግራ ዘንበል ያለ፣
ጥልቅ፣ ፍሬን ያልነካው።
ኔካኔ ጎንበስ ብላ፣
ጥጃ እንደምትመረምር፣ በጣቷ ለካችው።
«አልጠበቀም» አለች።
«እሰይ!» አለ ቤኛት።